ሥጋው ይረፍ፣ አትክልቱ ይግባ

በዚህ እትም አምስት ደብዳቤ መርጫለሁ። ሁሉም ስለ ኦቨን ጥብስና ስለ አጃቢው አትክልት ነው። የመጀመሪያው ረዘም ይላል፣ መልሱም እንደዚያው። የቀሩትን ቶሎ ቶሎ እንላቸዋለን።

ጥያቄ፦ ሰላም ነሽ? ቤታችን በሳምንት አንድ ቀን ሁላችንም አንድ ጠረጴዛ ላይ ምሳ እንበላለን። ስድስት ነን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሦስት ልጆችና እናቴ። ሙሉ ዶሮ ወይም የበግ ጭን ኦቨን ውስጥ እጠብሳለሁ። በሥጋው አልታማም። ከጎኑ የማቀርበው ግን ሁሌ ያው ድንችና የተቀቀለ ካሮት ነው። ባለፈው ትልቋ ልጄ "እማዬ፣ ይሄ ካሮት ራሱ አይሰለቸውም?" ስትል ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ ግን ነገሩ ከነከነኝ። በሚቀጥለው ሳምንት እልህ ይዞኝ አምስት ዓይነት አትክልት ልሥራ ብዬ ተነሳሁ። ምን ልበልሽ፣ አበባ ጎመኑ ቤቱን አሸተተው፣ ፎሶሊያው የወታደር ልብስ መሰለ፣ ቆስጣውን ረስቼው አረረ፣ ሁሉም በተለያየ ሰዓት ደረሰና ግማሹ ቀዝቅዞ ቀረበ። እኔ ስቀመጥ እነሱ ጨርሰው ነበር። ባለቤቴ "ሥጋው ካለ ሌላው ምን ያደርጋል?" አለና ነገሩ በዚያው ተዘጋ። ኦቨኔ አንድ ነው፣ ስቶቩ ባለ አራት። አትክልቱን ማብዛት እፈልጋለሁ፣ ያንን ቀን ግን መድገም አልፈልግም። — ባለ አንድ ኦቨኗ

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ አይዞሽ። ያ ቀን በእኔም ደርሷል። እኔ እንዲያውም ቀይ ሥርና አበባ ጎመን አንድ ትሪ ላይ ደባልቄ አስገብቼ፣ ሲወጣ ሁሉም ሮዝ ሆኖ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ በአፍ ካልሆነ በዓይን የማይለይ ነገር ነው ያቀረብኩት።

አምስቱን ተዪው። ድንቹን ሳንቆጥር ሦስት ይበቃሻል። ግን ሦስቱ ከሦስት የተለያየ ቦታ ይምጡ፤ አንዱ ከኦቨን፣ አንዱ ከስቶቭ፣ አንዱ ቀድሞ ተሠርቶ የተቀመጠ ቀዝቃዛ። እንዲህ ከሆነ እርስ በርስ አይጋፉም። ያን ቀን ያደከመሽ የአትክልቱ ብዛት አይመስለኝም። አምስቱም በአንድ ጊዜ አንቺን መጠበቃቸው ነው።

አሁን ዋናው ነገር። ሥጋው ከኦቨን እንደወጣ ትቆርጪዋለሽ? ብዙ ሰው ይቀዘቅዛል ብሎ ወዲያው ይቆርጣል። ጭማቂው ሁሉ መክተፊያው ላይ ይፈስሳል። ሙሉ ዶሮ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ማረፍ አለበት፣ ትልቅ የበግ ጭን ከ20 እስከ 30። ፎይል ላላ አድርገሽ ጣል አድርጊበት። ጥብቅ አድርገሽ ከጠቀለልሽው እንፋሎቱ ቆዳውን ያለሰልሰዋል፣ ያ ሁሉ የለፋሽበት ቁርጥምጥም ማለቱ ይጠፋል። ትልቅ ሥጋ በዚህ ጊዜ ውስጥ አይቀዘቅዝም፣ አትፍሪ። እና በእነዚያ 20 እና 30 ደቂቃዎች ኦቨንሽ ባዶ ነው! አትክልት የሚወደውን ትልቅ ሙቀት ያለ ሥጋው መስጠት የምትችዪው ያኔ ነው። ሙቀቱን ወደ 220 ዲግሪ ከፍ አድርጊና አስገቢ።

ግን ሁሉም አትክልት በ20 ደቂቃ አይደርስም። ብሮኮሊ፣ በትንንሹ የተቆረጠ አበባ ጎመን፣ ዝኩኒ፣ ትልቁ ቀይ ቃሪያ፣ ትንንሽ ቲማቲም ይደርሳሉ። ካሮት፣ ዱባና ስኳር ድንች አይደርሱም። እነሱን ዶሮው ሊወጣ 20 ደቂቃ ያህል ሲቀረው ከታች ባለው መደርደሪያ ላይ ታስገቢና፣ ዶሮው ሲወጣ ወደ ላይ ከፍ አድርገሽ በትልቁ ሙቀት ትጨርሻቸዋለሽ።

ሰዓቱን ከኋላ ወደፊት ብንቆጥረውስ? ምሳ 7 ሰዓት ላይ ነው እንበል፣ ዶሮው ደግሞ ከ1 ኪሎ ተኩል ትንሽ የሚበልጥ። 5 ሰዓት ላይ በ190 ዲግሪ ይገባል። ከኦቨን የመረጥሽው ካሮት ወይም ዱባ ከሆነ 6 ሰዓት ከ10 ላይ ከሥር ይገባል። 6 ሰዓት ተኩል ላይ ዶሮው ይወጣል፤ ግን ሰዓት አይተሽ ብቻ አታውጪው። የምግብ ቴርሞሜትር ካለሽ የጭኑ ወፍራም ቦታ ላይ፣ አጥንት ሳይነካ ስኪው። 74 ዲግሪ ካለ ደርሷል። ያኔ ኦቨኑን 220 አድርጊ፣ ካሮቱን ወደ ላይ፤ የመረጥሽው አበባ ጎመን ከሆነ እሱን ወደ ውስጥ። 6 ሰዓት ከ40 ላይ ለፎሶሊያ የሚሆን ውሃ ጣጂ። 6 ሰዓት ከ50 ላይ ፎሶሊያው ይገባል፣ 6 ሰዓት ከ55 ላይ ዶሮው ይቆረጣል። ይህንን ወረቀት ላይ ጽፈሽ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፊው። እኔ አሁንም እለጥፋለሁ፣ ስንት ዓመት ሠርቼ።

ወደ አትክልቶቹ ልምጣ። ካሮቱን እንደ አውራ ጣት ውፍረት ቁረጪው። ለ1 ኪሎ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይትና ያልሞላ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል። ጦስኝ ወይም የጥብስ ቅጠል ካለሽ ጣል አድርጊበት። ማር የምትወጂ ከሆነ መጨረሻ ላይ፣ ሊወጣ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ብቻ ነው፤ ቀደም ብለሽ ከጨመርሽ ስኳሩ ያርና ይመራል። ዘይቱን ደግሞ አትሰስቺ፣ የካሮትና የዱባ ቤታ ካሮቲን የሚሟሟው በስብ ውስጥ ነውና ሰውነት በደንብ የሚወስደው ከስብ ጋር ሲበላ ነው። ልጅሽ ይህን ካሮት ከቀመሰች በኋላ ደግማ ብትቀልድ ጻፊልኝ።

አበባ ጎመኑ ለምን ሸተተሽ? ጎመንና ዘመዶቹ ሁሉ ድኝ ያለባቸው ነገሮች አሏቸው፣ ውሃ ውስጥ በቆዩ ቁጥር ሽታቸው እየባሰ ይሄዳል። ኦቨን ውስጥ በትልቅ ሙቀት ሲጠበሱ ግን ጠርዛቸው ቡናማ ይሆንና የለውዝ ዓይነት ጣዕም ያመጣሉ። እኔ በበኩሌ አበባ ጎመን መቀቀል ካቆምኩ ቆየሁ። ጥቅል ጎመንም እንዲሁ ነው፤ በስሱ ከትፈሽ በቅቤ፣ ከጭልፋ ያነሰ ውሃ ጠብ አድርገሽ፣ ክዳን ገጥመሽ አምስት ደቂቃ። ቁንዶ በርበሬ፣ አለቀ። ፎሶሊያ የሰለቸሽ ቀን ይህ የስቶቩን ቦታ ይይዛል።

ፎሶሊያው የወታደር ልብስ የመሰለውም ብዙ ስለቆየ ነው፣ ምናልባት ሎሚም ገብቶበት ይሆናል። አረንጓዴውን ቀለም የሚይዘው ክሎሮፊል መሐሉ ላይ ማግኒዚየም አለው። ረጅም ሙቀትና ኮምጣጣ ነገር ማግኒዚየሙን ያስወጡታል፣ ቀለሙም ወደ ወይራማ ቡናማ ይዞራል። ስለዚህ ብዙ ውሃ በደንብ ይፍላ፣ ጨው ይግባ፣ ፎሶሊያው ክዳን ሳይገጠም አራት ደቂቃ ያህል፣ ከዚያ አጠንፍፊ። ሎሚውን ጠረጴዛ ላይ ጭመቂበት። ቀለሙ ደስ ይበለው ብለሽ ደግሞ ቤኪንግ ሶዳ እንዳትጨምሪ፤ አረንጓዴነቱ ይቆያል፣ ፎሶሊያው ግን ይላሽቃል።

ቀዝቃዛው የእኔ ምርጫ ቀይ ሥር ነው። ጠዋት ዶሮው ሲገባ ቀይ ሥሩን ሳትልጪ በፎይል ጠቅልለሽ ጎኑ አስቀምጪው። አንድ ሰዓት ያህል ይበቃዋል፣ ትልልቅ ከሆነ ትንሽ ይጨመርለት። ሲበርድ ልጣጩ በአውራ ጣትሽ ተገፎ ይወጣል። በስሱ ቁረጪው፣ ቀይ ሽንኩርት፣ አቼቶ፣ ዘይት፣ ጨው። ከፈለግሽ ማታውኑ ሠርተሽ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሪው፣ እንዲያውም ይጣፍጣል። ሥጋና የተጠበሰ ነገር ሁሉ ቅባት ስለሆነ፣ አፍ የሚያጥብ አንድ ኮምጣጣ ነገር ጠረጴዛው ላይ ከሌለ ሰው ሁለተኛ ዙር ሳይደርስ ይጠግባል።

ስለ መጠኑ አልጠየቅሽኝም፣ ግን ልንገርሽ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው መመሪያ አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ይብላ ይላል፣ ከ2 እስከ 5 ዓመት ያሉ ልጆች 250፣ ከ6 እስከ 9 ዓመት ያሉ 350፣ ከ10 ዓመት በላይ እንደ አዋቂው 400። ድንች እዚህ ቁጥር ውስጥ አይገባም። አውቃለሁ፣ እኔም ቅር ብሎኛል። በዚህ ምሳ ለአንድ ሰው 200 ግራም ብታስቢ ለስድስታችሁ 1 ኪሎ ከ200 የበሰለ ይሆናል። ልጣጭ አለ፣ ኦቨን ውስጥም ውሃው ይወጣል፣ ስለዚህ ጥሬውን 1 ኪሎ ተኩል ወይም ትንሽ ከፍ አድርገሽ ግዢ።

ባለቤትሽን በተመለከተ ክርክር ውስጥ አትግቢ። ሥጋው ሲያርፍ ቀይ ሥሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪና ወደ ሥራሽ ተመለሺ። ሰውየው ርቦታል፣ ዶሮው ይሸተዋል፣ ግን ገና ነው። እጁ የት እንደሚሄድ እናያለን።

አንድ የመጨረሻ ነገር፤ ሦስቱንም በሚቀጥለው ሳምንት አትጀምሪ። መጀመሪያ ድንቹ እንዳለ ሆኖ የኦቨኑን ካሮት ብቻ ሞክሪ። ሲለምድሽ ቀዝቃዛውን ጨምሪ። ፎሶሊያው ሦስተኛው ሳምንት ይደርሳል።

ጥያቄ፦ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ወጥ ቤት መግባት ጀምሬያለሁ፣ ባለቤቴም ደስ ብሏታል። ዶሮው ይሳካልኛል። አትክልቱ ግን ኦቨን ውስጥ ገብቶ የተቀቀለ ሆኖ ይወጣል። ውሃ ይተኛበታል፣ ቡናማ አይሆንም። ዝኩኒና ደበርጃን ስጨምር ደግሞ ይብስበታል። ኦቨኑ ይሆን የተበላሸው? — ዘግይቶ የጀመረ

መልስ፦ ጋሼ፣ ኦቨንዎ ደህና ነው። ትሪዎ ጠቦ ነው። ልንገርዎት፣ አትክልት ሲሞቅ ውሃ ያወጣል። ክፍተት ካለው እንፋሎቱ ይሄዳል፣ ከተደራረበ ግን እዚያው ይታፈንና ያበስለዋል። ውሃ እስካለ ድረስ ከ100 ዲግሪ በላይ አይሞቅም፣ ያ ቡናማ ቀለምና ጣዕም ደግሞ በደንብ የሚመጣው ላዩ ደርቆ ከ140 ዲግሪ በላይ ሲደርስ ነው። ስለዚህ አንዱን ትሪ ሁለት ያድርጉት። ቁራጮቹ እንዳይነካኩ፣ መሐላቸው የጣት ጫፍ ያህል ይክፈቱ። ጎኑ አጭር የሆነ ትሪ ከጥልቁ ይሻላል። ከታጠበ በኋላ በጨርቅ በደንብ ያድርቁት፣ ይህን ብዙ ሰው ይንቀዋል። ኦቨኑ 220 እስኪደርስ ይጠብቁ፤ ባዶውን ትሪ አብሮ እንዲሞቅ ከተዉት አትክልቱ ሲያርፍበት ጭስ የሚል ድምፅ ይሰማሉ። እሱን ድምፅ ከሰሙ ግማሹ ሥራ አለቀ።

ዝኩኒና ደበርጃን ከዘጠና በመቶ በላይ ውሃ ናቸው። ቆርጠው ጨው ይነስንሱባቸውና 20 ደቂቃ ያህል ይተዉአቸው። የሚያወጡትን ውሃ ይጥረጉት፣ ከዚያ ዘይት። በኋላ ጨው አይድገሙ። ከካሮት ጋርም አንድ ትሪ ላይ አያስገቧቸው፣ ካሮቱ ሳይደርስ እነሱ ገንፎ ይሆናሉ። ሁለቱን ትሪ በግማሽ መንገድ ላይ ቦታ ያቀያይሯቸው፣ የላይኛው ቶሎ ስለሚጠቁር።

ጥያቄ፦ የወንድሜ እጮኛ ሥጋ አትበላም። መጀመሪያ ጊዜ ቤታችን ልትመጣ ነው። አትክልቱን ሁሌ ከሥጋው ሥር ነው የምጠብሰው፣ ጣዕሙ ልዩ ነው። ሥጋውን ትታ እሱን ብትበላ ችግር አለው እንዴ? — የወንድሙ እህት

መልስ፦ አለው፣ እናቴ። የሥጋ ስብ የጠጣ ካሮት ለእሷ ሥጋ ነው። ሳትነግሪያት ብታቀርቢ ደግሞ አንድ ቀን መታወቁ አይቀርም፣ ያን ጊዜ ዘመድነቱ በዚህ ይጀመራል። የእሷን በሌላ ትሪ፣ ስብ እንዳይንጠባጠብበት ከሥጋው በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ ጥበሺ። ማንኪያውም ይለይ። ቅቤና እንቁላል ትበላ እንደሆነ ቀድመሽ ጠይቂ፣ ሰው እንደሱ ሲጠየቅ ደስ ይለዋል። እና እባክሽ ሰላጣና ድንች ብቻ አታቅርቢላት፣ ሌላው ሲጠግብ እሷ ርቧት ነው የምትሄደው። የተቀቀለ ሽምብራ በደንብ አድርቀሽ ከአበባ ጎመኑ ጋር ትሪው ላይ ብትበትኚው ቁርጥምጥም ይላል፣ ያጠግባልም። ለማጥቀሻ የሚሆን ደግሞ፣ ሽንኩርትና እንጉዳይ በዘይት እስኪጠቁር አብስለሽ፣ ትንሽ ዱቄት ነስንሰሽ፣ አትክልት የተቀቀለበትን ውሃ ጨምሪበት። የሥጋው መረቅ ሲያልቅ ሌሎቹም ወደዚህኛው መዞራቸው አይቀርም፣ ስለዚህ አብዝተሽ ሥሪ።

ጥያቄ፦ የአራት ዓመቱ ልጄ አረንጓዴ ነገር ሳህኑ ላይ ካየ ሥጋውንም አይነካም። አባቱ "በግድ ይብላ" ይላል፣ እኔ ደግሞ ድብቅ አድርጌ እፈጫለሁ። ማን ልክ ነው?

መልስ፦ ሁለታችሁም ትንሽ ተሳስታችኋል። በግድ የበላውን ነገር ልጅ ይጠላዋል። ተፈጭቶ የተደበቀውን ደግሞ አያውቀውም፣ ሳያውቀው እንዴት ይለምደዋል? ልጆች አዲስ ጣዕም ለመቀበል ስምንት፣ አሥር ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ መቅመስ ያስፈልጋቸዋል። ብዙ ወላጅ ሦስተኛው ላይ "አይወድም" ብሎ ይደመድማል። ከሚወደው ነገር አጠገብ አንዲት ፎሶሊያ ብቻ አድርጊለት። ካልበላ ዝም። በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ አንዲት። አንቺና አባቱ ግን ፊቱ በደስታ ብሉት። ከአረንጓዴው ይልቅ በካሮትና በስኳር ድንች ብትጀምሪ ይቀልሻል፣ ጣፋጭ ናቸው። ትንንሽ ቲማቲም ስትሰጪው ግን ሙሉውን አትስጪ፣ በቁመቱ አራት ቦታ ቁረጪው። ሙሉው ጉሮሮ ላይ ሊሰነቀር ይችላል።

ጥያቄ፦ ከጥብሱ የተረፈ አትክልት ሁሌ ይጣላል። በማግስቱ ሳሞቀው ጨርቅ ጨርቅ ይላል።

መልስ፦ ማይክሮዌቭ ውስጥ ነው የምታሞቂው አይደል? ያለሰልሰዋል። ሰፊ መጥበሻ በደንብ ይጋል፣ ጠብታ ዘይት፣ ሳትነካኪው ሦስት ደቂቃ። ከዚያ እንቁላል ስበሪበት። መጀመሪያ ግን ከኦቨን በወጣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ መግባቱን አረጋግጪ፣ ጠረጴዛ ላይ እስከ ማታ የቆየውን ጣዪው። ካሮትና ዱባ ከተረፈ የዶሮውን አጥንት ከአንድ ሽንኩርት ጋር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቀቅለሽ፣ አጥሪውና አትክልቱን በመረቁ ፍጪው። ኦቨኑ ውስጥ ስለጠቆረ ሾርባው ብዙ ቅመም አይፈልግም፣ ቁንዶ በርበሬና ሎሚ ብቻ ነው የምጨምረው እኔ።